«አይ» ካሉ አይ ነው

ሃላፓ፣ ሜክሲኮ
ማርች 16

ይድረስ ለአባቴ ለኦርሊን ትቬይት፤

እንደምን ሰነበትክ የምልህ ለወግ አይደለም፤ እውነቴን ነው፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?

ባለፈው በስልክ ስለጮህኩብህ ይቅርታ አድርግልኝ። ግማሹን የጮህኩት ተናድጄ ነው፤ ግማሹን ግን ያ የእህል ማድረቂያ ማሽን ያደነቆረው ጆሮህ እንዲሰማኝ ብዬ ነው። የትኛው የቱ እንደሆነ አንተው ለይልኝ። ከእንግዲህ በጽሑፍ ይሁን ማለትህ ጥሩ ሐሳብ ነው። እትዬ ቨርና ቤተ መጻሕፍቷ ውስጥ ደብዳቤህን ፎቶ አንስታ ልትልክልኝ፣ የእኔንም አትማ ልትሰጥህ መስማማቷ ትልቅ ውለታ ነው። እንደምታነበው ግን እወቅ። (እትዬ ቨርና፣ ሰላም ነው?)

የጠየቅከኝን ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። ያረፍኩት ዶኛ ኤውላሊያ ከምትባል ባልቴት ቤት ነው፤ እንኳን ሰው ድመቷም ከጥጋብ ብዛት መራመድ አቅቷታል። «የዓለም ዜጋ ግብሩን የሚከፍለው ለማን ነው?» ያልከውን ደግሞ ለክፍላችን አነበብኩት። አስተማሪያችን ሳቀች፣ ከዚያ ጥያቄህን ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ይኸው እስካሁን አልተጠፋም፤ መልስ ያገኘለት የለም።

ሥራችን ያው ውሃ ነው። እያንዳንዳችን የምንኖርበት ሰፈር ውሃ እንዴት እንደሚያገኝ እያየን እንጽፋለን። እዚህ ቧንቧ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ በርሜል ሰቅሎ ይጠብቃል። እኔ ግን ባልዲ ባየሁ ቁጥር የማስበው አንተን ነው። ትንበያውን አየሁት፤ ቀይ ወንዝ ዘንድሮ ከፍ ይላል ይላሉ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ያን የአፈር ክትር ማን አብሮህ ከፍ ያደርገዋል? ሚኒሶታ ያሉት የኮሌጃችን የዓለም ጉዳይ ክበብ ልጆች መጥተው ጆንያ ቢሞሉልህስ? ልጻፍላቸው?

ስለ ሴፕቴምበሩም አንተው «እንደወደድሽ» ብለሃል። ትምህርቱ በሜይ መጨረሻ ያልቃል፤ ግን እስከ ሜይ 10 ካረጋገጥኩ ለሌላ ጥናት እስከ ሴፕቴምበር እቆያለሁ። አላረጋገጥኩም ገና። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ኮረብታውን ስወጣ ስወርድ ነው የምውለው። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

ልጅህ ሲግኒ


ኖርዳል፣ ሰሜን ዳኮታ
ማርች 24

ልጄ ሲግኒ፤

ጉልበቴ ያው ጉልበት ነው፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ስለ ጩኸቱ አታስቢ፤ የሰማሁት ግማሹን ነው፣ እሱም ክፉ አይባልም።

ስለ ወንዙ፦ ወንዝ ነው። በየዓመቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ክትሩ አለ፤ ከላዩ ትንሽ ጆንያ መደርደር ነው፣ አለቀ። ጓደኞችሽ በእኔ የተነሣ አይቸገሩ፤ ፈተናም ይኖርባቸዋል። ደግሞ ከእኔ የባሰበት ስንት ሰው አለ።

ስለ ሴፕቴምበሩ፦ እንደወደድሽ ብያለሁ፣ እንደወደድሽ ነው። እኔ ምን እሆናለሁ።

የድመቷን ነገር ስሰማ ሳቅሁ። ሰሌዳው ላይ ስሜን ጻፉ ወይስ ጥያቄውን ብቻ? ስሜን ከጻፉ ያጥፉት።

እንግዲህ ይኸው ነው።

አባትሽ

[ከግርጌ፣ በሌላ እጅ] ሲግኒዬ፣ እኔ በሰው ደብዳቤ እጄን የማስገባ ሴት አይደለሁም። ግን ክትሩ ከፍ ያለው በመንገዱ በኩል፣ ሰው በሚያየው በኩል ብቻ ነው። በወንዙ በኩል ገና ጉልበቴ ድረስ ነው። ብቻውን ነው የሚሞላው፤ ሲያነክስ አይቼዋለሁ። እንደነገርኩሽ አያውቅም። ቨርና


ሃላፓ
ኤፕሪል 3

አባዬ፤

ስምህን አልጻፉም፤ ተረጋጋ።

ተቆጣኝ፣ አትቆጣኝ፣ ልጆቹን ልኬልሃለሁ። ለፋሲካ እረፍት ሐሙስ ዕለት በአነስተኛ አውቶቡስ ከሚኒሶታ ይመጣሉ። «እነማን ናቸው?» እንደምትል አውቃለሁ። መሪያቸው ፌምከ ናት፤ ሆላንዳዊት ናት፣ ረጅም፣ ከውሃ ጋር ተጣልታ ያደገች። ከኔፓልም፣ ከናይጄሪያም፣ ከእኛው ከፋርጎም አሉበት። ጆንያ መሙላት ማንም ይችላል፤ ልባቸው ደግሞ ንጹሕ ነው።

«ያለፈው ዓመት ግድግዳ ቀቢዎች ናቸው ወይ?» ብትለኝም፣ አዎ፣ እነሱው ናቸው፤ እኔም አለሁበት። ቀለም ተሸክመን ሰው አገር ድረስ ሄደን፣ ማንንም ሳንጠይቅ የትምህርት ቤታቸውን ግድግዳ ሰማያዊ ቀባንላቸው። ለካ የቸገራቸው የመጸዳጃ ቤት በር ኖሯል! አቀፉን፣ ሸኙን፣ በር አልባው መጸዳጃ እንዳለ ቀረ። እኔ ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ለዚህ ነው አሁን ለክበቡ መመሪያ የጻፍኩት። አንድ ገጽ ናት። «ጠይቁ። መልሱን አክብሩ። ሰው የሚፈልገውን ከእናንተ በላይ ያውቃል። አይ ካሉ አይ ነው።» አስተማሪያችን ለሌሎች ኮሌጆችም ላከችው። ትንሽ ኮራሁ፤ ይፈቀድልኛል አይደል?

ስለዚህ አትፍራ፣ ጓዳህ አይገቡም። ዝም ብለህ የምትፈልገውን ንገራቸው።

ዶኛ ኤውላሊያ ስለ አንተ ትጠይቀኛለች። «ብቻውን?» ትለኛለች፤ «ጠንካራ ነው» እላታለሁ። እሷም «እሱን አልጠየቅኩሽም» ትለኛለች። እኔ እዚህ የሰው ሰፈር ውሃ እለካለሁ፣ ያንተ ክትር ግን ዕንቅልፍ ነሥቶኛል። ሲደርሱ ወዲያው ጻፍልኝ።

ሲግኒ


ኖርዳል
ኤፕሪል 13

ልጄ፤

እንኳን ለፋሲካ አደረሰሽ። ወረቀቱ የቤተ ክርስቲያን ማኅተም ቢኖርበት አይግረምሽ፤ እዚህ ወረቀት ሞልቷል።

ሲደርሱ ጻፍልኝ ላልሽው፣ መጥተዋል። ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ጨዋዎች። ረጅሟ ልጅ እጄን ጨብጣ ሰላም አለችኝ፣ አጨባበጧ የገበሬ ነው። «እንርዳዎት?» አለችኝ። እኔ ደግሞ «አያስፈልግም፣ ሌላ የባሰበት ሰው ጋ ሂዱ» አልኳት። አመስግናኝ ሄዱ። ከጎረቤት እነ ሌስተር ሩድ ዘንድ ገብተው ሲሠሩ ዋሉ። የሌስተር ቤት ደህና ነው። የሌስተር ሚስት ቴክሳስ ያደገች፣ የእኛን ይሉኝታ የማታውቅ ስለሆነች ገና መኪናው ሳይቆም «ኑ ግቡ!» ብላ ጮኸች አሉ።

ወንዙ መጥቷል፤ ክፉ አይባልም። እኔ ደህና ነኝ። ለትምህርትሽ ትጊ።

አባትሽ

[ከግርጌ] ሲግኒዬ፣ ተቀመጪ። ውሃው ቅዳሜ ዕለት በወንዙ በኩል ክትሩን ጥሶ ገባ። ቤታችሁ እስከ መስኮቱ ውሃ ውስጥ ነው። የሌስተር ልጆች አባትሽን በጀልባ አወጡት። ምንም አልሆነም፤ ግን የሚተኛው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፣ በታጣፊ አልጋ። ምግብ ሲሰጡት «በልቻለሁ» ይላል። እኔ ሳልጠይቀው ነው የማቀርብለት። ቨርና


ሃላፓ
ኤፕሪል 14

አባዬ፤

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንዲህ ነው ለካ። «ወንዙ ክፉ አይባልም»! መስኮት ድረስ ገብቶ «ክፉ አይባልም»! ምን ቢሆን ነው አንተ ክፉ የምትለው? እትዬ ቨርናን እንዳትቆጣት፤ እሷ ባትኖር ኖሮ አንድ ቀን ቤቴ ስመጣ ዋኝቼ ነበር የምገባው።

ለፌምከ ጻፍኩላት። በንዴት ነው የጻፍኩት፣ ዛሬ አፍሬበታለሁ። ምን ብላ መለሰችልኝ መሰለህ? «ጠየቅኩት። አያስፈልግም አለኝ። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት፤ የራሱን ነገር ራሱ የወሰነ ሰው ነው ብዬ። ያንቺው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። እኛ አገር አይ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ውሸታም ነህ ብሎ መሳደብ ነው። ምን አጠፋሁ?»

ምን አጠፋች? ምንም። አጥፊዋ እኔ ነኝ። ኖርዳል ተወልጄ፣ ኖርዳል አድጌ! እኛ ዘንድ መጀመሪያ ሲጠየቅ እሺ ያለ ሰው ስግብግብ ነው። ሁለተኛ ሲጠየቅ «ኧረ አትቸገሩ» ይላል። ሦስተኛው ላይ ነው «እንግዲህ ካላስቸገርኳችሁ» የሚባለው። በዚያው አንተ በተኛህበት ምድር ቤት የመጨረሻዋ የኬክ ቁራጭ ማንም ሳይደፍራት ለሁለት ስትቆረጥ፣ ለአራት ስትቆረጥ፣ ፍርፋሪ ሆና ስትቀር እያየሁ አይደል ያደግኩት? ለዓለም ሁሉ የሚሆን መመሪያ ስጽፍ የገዛ አባቴን ረሳሁት። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እኔ ነኝ።

ትናንት ዶኛ ኤውላሊያ ታማል የሚሉትን በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ምግባቸውን አቀረበችልኝ። «ጠግቤያለሁ» አልኳት። አልሰማችኝም። «ጠግቤያለሁ እኮ!» ስላት «እሱን ለበሩ ንገሪው» ብላ ሰሃኔ ላይ ጣለችው። እዚህም እንደኛው ናቸው አባዬ! ሦስት ወር ሙሉ በየማዕዱ ሦስት ሦስት ጊዜ ተጠይቄ ስበላ ምንም አልታየኝም። ሰሃኑ ላይ አለቀስኩ። እሷም ያስለቀሰኝ ቃሪያው መስሏት ውሃ አመጣችልኝ፤ ያውም ውሃ በሌለበት ቀን።

ልምጣ? ትምህርቱን አቋርጬ ነገ መነሳት እችላለሁ። ልምጣ ወይ?

ሲግኒ


ኖርዳል
ኤፕሪል 20

ልጄ ሲግኒ፤

ቨርናን አልተቆጣሁም። ቨርናን የሚቆጣ ሰው በዚህ አውራጃ ገና አልተወለደም።

አትምጪ። መጥተሽ ምን ታደርጊያለሽ፤ ውሃው እስኪወርድ እኔም ቆሜ ከማየት በቀር ሥራ የለኝም። ትምህርትሽን አታቋርጪ።

ግን አንድ እውነት ልንገርሽ፤ ለሌላ ሰው እንዳታወሪው። ሐሙስ ዕለት ልጆቹ እንደሚመጡ ስለጻፍሽልኝ ከጠዋት ጀምሬ ስጠብቃቸው ነበር። ቦት ጫማዬን አጥልቄ፣ አካፋዎቹን ግድግዳው ላይ ደርድሬ። የእናትሽን ትልቁን መጥበሻ አውርጄ ድንችና ሥጋ፣ ከላዩ ቺዝ አድርጌ ምድጃ ውስጥ ከትቼ ነበር፤ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የሚያጠግብ። ከዚያ ልጅቷ «እንርዳዎት?» ስትለኝ አፌ በራሱ «አያስፈልግም» አለ። እንደምትደግመው አልተጠራጠርኩም። «በጣም አመሰግናለሁ» ብላኝ ዞረች። አንድ ልብሱ የሳሳ ጥቁር ልጅ ብቻ ዞር ብሎ አየኝ፤ የምድጃው ሽታ ደርሶት ይመስለኛል።

እንዴት ብዬ ልጥራቸው? መንገድ ላይ ቆሜ ልጩህ? አውቶቡሱ እነ ሌስተር ጋ እስኪታጠፍ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ ገብቼ ብቻዬን ከዚያ መጥበሻ በላሁ። ቀሪውን ውሃው በላው።

ልጅቷን እንዳትወቅሻት። ጥፋተኛው አፌ ነው።

ስለ ሴፕቴምበሩ፣ እንደወደድሽ።

አባትሽ

[ከግርጌ] ያቺን መጥበሻ ከውሃው አውጥተን አጥበናታል። ዛሬ ወደ ቤቱ መንገድ ሄዶ ቆሞ ሲያይ አገኘሁት። ኮቱን አልቆለፈም ነበር። ቨርና


ሃላፓ
ኤፕሪል 27

አባዬ፤

የመጥበሻውን ነገር ሳነብ እስከ መጨረሻው መቀመጥ አልቻልኩም፤ ተነሥቼ በሰፈሩ ሦስቴ ዞርኩ። ዶኛ ኤውላሊያ ከመስኮት «ምን ጠፍቶሽ ነው?» ትለኛለች።

ሻንጣዬን አስሬ ፈትቼዋለሁ፤ ደግሞ አስሬዋለሁ። ያንተን «አትምጪ» እያነበብኩ እቆያለሁ። የወግ «አትምጪ» ነው ወይስ የእውነት? ስንተኛው ነው? ከሆላንድ ሰው ጋር መኖር እንዴት ይቀላል መሰለህ! እነሱ አንዴ ይጠይቃሉ፣ አንዴ ይመልሳሉ፣ ተኝተው ያድራሉ።

ለፌምከ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ የምድጃውን ግን አልነገርኳትም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ልጆቹ ተመልሰው ሊመጡ ነው፤ ውሃው ወርዷልና የረጠበውን ግድግዳ እናፍርስ፣ ጭቃውን እንጥረግ ይላሉ። ጠያቂዋ እሷው ናት። አባዬ፣ በእማዬ ይዤሃለሁ፣ አስታውስ፦ አንዴ ብቻ ነው የምትጠይቅህ።

መመሪያውንም ልቀይረው ቁጭ ብዬ ነበር። «ሦስት ጊዜ ጠይቁ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪያችን አየችውና «አይ ሲል የእውነቱን አይ የሚለውንስ ሰው ምን ልታደርጊው ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሰረዝኩት። ገጹ አሁን ባዶ ነው። ምናልባት ከመጠየቅ በፊት ትንሽ ቁጭ ማለት፣ የምድጃውን ሽታ ማሽተት ይሆናል። እሱ እንዴት ይጻፋል?

አሁን ስማኝ። ልምጣ ወይ ብዬ ባለፈው ጠየቅኩህ። ዛሬም እጠይቅሃለሁ፤ አሁኑኑ አቋርጬ ባልመጣ እንኳ ትምህርቱ በሜይ መጨረሻ ሲያልቅ ልምጣ፣ ወይስ እስከ ሴፕቴምበር ልቆይ? ይኸው ሁለት ሆነ። ሦስተኛውን አልጠይቅም አባዬ። ሦስተኛው ያንተ ነው። እስከ ሜይ 10 እጠብቃለሁ።

ሲግኒ


ኖርዳል
ሜይ 7

ልጄ ሲግኒ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ። እጄ ቆስሎ ነው፤ የሥራ ቁስል ነው፣ ጥሩ ቁስል።

ቅዳሜ ዕለት መጡ። ያቺ ረጅሟ ከአውቶቡሱ ወርዳ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። እኔ ያልሽውን ሌሊቱን ሙሉ ስለማመድ አድሬ ነበር። «አቶ ትቬይት፣ እንርዳዎት?» አለችኝ። ገና ሳትጨርስ «አዎ!» አልኳት። በዕድሜዬ እንደዚያ ቶሎ እሺ ብዬ አላውቅም፤ እናትሽን ሳገባ እንኳ ቄሱ ደግመው ነው የጠየቁኝ። አንቺ ግን ለእሷ ሌላ ነገር አስተምረሻታል ለካ! ጣቷን ቀስራ «ለሁለተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ እንርዳዎት?» ትለኛለች። «አዎ አልኩሽ እኮ!» «ለሦስተኛ ጊዜ!» «ልጄ፣ ደንቆሮው የእኔ ጆሮ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም፤ አዎ!» ከዚያ እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ልጆቹም ሳቁ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ በዚያ ግቢ እንደዚያ የተሳቀ አይመስለኝም።

ያ ልብሱ የሳሳው ልጅ ቺዲ ይባላል፤ ከናይጄሪያ ነው። ወደ ጎን ስቦኝ «ጌታዬ፣ ያን ቀን ምግብ ሸቶኝ ነበር» አለኝ። «የእኔ እናት ብትሆን መኪናው ፊት ትተኛ ነበር እንጂ ሳትበሉ አትሄዱም ነበር። መመለስ እንዳለብን አውቄያለሁ፤ ግን ወረቀቱ ይከለክላል።» የሚከለክል ወረቀት ሲያጋጥምህ ደግመህ አሽት አልኩት። በሁለተኛው ቀን በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ በዚያችው መጥበሻ ሠራሁላቸው። ፌምከ የመጨረሻዋን ቁራጭ ኬክ ሰው ፊት አንስታ በላቻት! የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከዚያ ቨርና «ተመስገን፣ ሳህኑ ዛሬ ይታጠባል» አለች።

ስለ ቤቱ በቀጥታ ልንገርሽ። አይድንም። ወለሉ ተነሥቷል፣ መሠረቱ ሸሽቷል። ልጆቹ የሚወጣውን ሁሉ አወጡልኝ፤ የእናትሽን ወንበር፣ የአንቺን አልጋ። ቤቱን ግን በጁን ያፈርሱታል። ከቤተ መጻሕፍቷ ጀርባ ትንሽ ቤት ተከራይቻለሁ። ክፉ ነው፣ ልጄ። ምን ቢሆን ነው ክፉ የምትለው አልሽኝ አይደል? ይህ ክፉ ነው። በጣም ክፉ ነው። አዝኛለሁ።

እንዲያም ሆኖ መሄድሽን አልጠላሁትም። አንቺ ኖርዳል ተቀምጠሽ ብትቀሪ ኖሮ ማን የሆላንድና የናይጄሪያ ልጅ መጥቶ የእኔን የረጠበ ግድግዳ ይሸከም ነበር? ለአስተማሪሽ ንገሪልኝ፤ ለዚያች የግብር ጥያቄ መልሱ መጣልኝ መሰለኝ። ግብሩ የሚከፈለው በአካፋ ነው። ስሜንም ከፈለጉ ይጻፉት።

አሁን ወደ ሦስተኛው። ኮሌጅ ስትሄጂ «እንደወደድሽ» አልኩሽ። ሜክሲኮ ስትሄጂ «እንደወደድሽ» አልኩሽ። አሁን ግን እንደወደድሽ አልልም። ትምህርትሽን ጨርሺ፤ እሱን የምር ነው የምልሽ። ስትጨርሺ ግን፣ እንደ ፌምከ አገር ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እላለሁ፣ አልደግመውም፦

ቤቱ የለም። ቢሆንም ወደ ቤት ነይ።

አባትሽ

[ከግርጌ] ሲግኒዬ፣ በዚህኛው ላይ የምጨምረው የለኝም። ቨርና